ቁጥር አርባ አንድ

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በዌልስ ዝናብ ስር፣
ፖስታ አዳርሻለሁ ከበር እስከ በር።
የጎረቤት ውሻ በኮቴዬ ያውቀኛል፤
አርባ አንድ ቁጥር ግን ዛሬም ይፈትነኛል።
አፉ አንድ፣ የነሐስ፣ ከንፈሩ የሳሳ፤
የዋጠውን ስም ግን ማን ቆጥሮት ያውሳ?

ሥጋ ቤት ነበረ ያኔ ስጀምረው፤
ፕሮሰር ክንደ ግንዱ፣ ድምፁ ሹክሹክታ ነው፣
ቋሊማ ሲመዝን ይቅርታ የሚጠይቅ።
ግድግዳው ላይ የዛገ ሚስማር አይቼ ብጠይቅ፣
"እኔስ መች መታሁት? ስገባም ነበረ" አለኝ፤
ቢላዋውን እየሳለ የሰማውን አወጋኝ።

ኮርቻ ሰፊው ነው፣ ልጓም ሊሰቅልበት፣
ግንቡን ፈልፍሎ የቸነከረበት።
ፈረስ ከመንገዱ ሲጠፋ እሱም ጠፋ፤
ሚስ ግዌንሊያን መጣች በባርኔጣ ተስፋ፣
ላባና ጥልፍ ሰቅላ፣ ለሠርግም ለሐዘን፤
ሐዘኑ በለጠባት በዚያ ጦርነት ዘመን።

ቀጥሎ ኤርሚኒዮ፣ ከባርዲ ተራራ፣
አይስክሬም በዱቤ ለሕፃን ሲያጋራ።
ሮም ጦር ያወጀች ማታ መስታወቱን የሰበሩት
እነዚያው ነበሩ፣ ትናንት በዱቤ የላሱት።
ፖሊስ ሲወስደው ሽርጡ እዚያው ቀረ፣
ሚስማሩ ላይ፣
እስከ ክረምት፣
በተሰበረው መስኮት ነፋስ እየተወዛወዘ ያደረ።

ፕሮሰር ከሞተ ወዲህ ያለውን እኔው አውቃለሁ።
ዴልዊን ካሴት አከራየ፤
(አንድ ፊልሙ ያልመለስኩት ቤቴ አለ፣ አፍራለሁ።)
ከዚያ ሺራጁል፣ ከሲልሄት፣ ቅመሙ ሰፈር የሚያስነጥስ፣
የሌሎቹን ፖስታ ሁሉ ለሚስማሩ የሚያስነክስ።
"የሞተ ሰው መች ይመጣል?" ስለው፣ "የሰው ነገር" አለ፤
"የሚጠይቀኝ ቢመጣ፣ ይኸው፣ አልተጣለ።"

አሁን ሊየን፣ ከሃይፎንግ፣ ጥፍር ትቀባበታለች።
ማክሰኞ ከባርዲ፣ ለኤርሚኒዮ፣ አንዲት ፖስታ መጣች፤
የልጅ እጅ ጽሕፈት፣ ያዘመመ፣ ሰማያዊ ቀለም።
ደንቡ ግልጽ ነው። ማኅተም አለኝ፦ "ተቀባዩ የለም።"
አልመታኋትም።
ሊየን ጣቷን ጠራርጋ፣ ስሙን ፊደል በፊደል አንብባ፣
ሰቀለቻት፤ የአውራ ጣቷ እርጥብ ቀይ ጠርዟን ቀባ።

ሰኞ ጡረታዬ ነው። ተተኪዬ ለጋ ናት፤
ውሻውን፣ ዳገቱን፣ የሚያዳልጠውን ደረጃ አሳየኋት።
አርባ አንድ ስንደርስ ግን ያልኳት ይህን ብቻ ነው፦
ስም አታመሳክሪ። በቀዳዳው ልቀቂው።