ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

ቀን፦ ቅዳሜ ጠዋት። ሰዓት፦ ሦስት ተኩል።
ቦታ፦ አዳማ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ የአራተኛ «ሀ» ክፍል።
አጀንዳ፦ አንድ ብቻ። ሊሠራ ስለታሰበው ሜዳ
ማኅበረሰቡ እንዲመክር፣ ሐሳብ ከሁሉ እንዲቀዳ።

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ደብተሬን ዘረጋሁ፤
የተባለውን እንጂ ያልተባለ ላልጽፍ በልቤ ቃል ገባሁ።

ኢንጂነር ምንተስኖት ጥቅሉን ፈታና
ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው፤ መስኮቱ ክፍት ነበርና
የአዳማ ነፋስ ገባ፣ ሳይጋበዝ፣ ስሙ ሳይመዘገብ፤
አራት የሻይ ብርጭቆ በአራት ማዕዘን አቆምን፣ ወረቀቱ አለ ረገብ።

ውብ ነበር ሥዕሉ፤ መሮጫው ቀይ፣ ሣሩ ለምለም፣
ሰዎቹ ቀጫጭን፣ ፊት የሌላቸው፤ ላብ የሚባል የላቸውም።

ርእሰ መምህሩ «አስተያየት» አሉ።
ዝምታ። አንድ ወንበር ተንቋቋ፣ ሁለት ሰዎች ሳሉ።

አቶ ሸምሱ ተነሡ፣ ሒሳቡን መዳፋቸው ላይ ጽፈው፦
«ከደረጃው ሥር ዐሥር ሱቅ አውጡ፤ ጠመኔውን ኪራዩ ይግዛው፣ ኳሱን ደግሞ የተረፈው።»
መምህር አሸብር ቀጠሉ፣ ፊሽካው እንደታሰረ አንገታቸው ላይ፦
«መሮጫው ስድስት መስመር ይሁን፤ በአራት መስመር ልጅ ይጋፋል እንጂ ይሮጣል ወይ?»
ወይዘሮ ትብለጥ አጥር ጠየቁ፤ ባጃጅ ሜዳውን አቋራጭ አድርጎታል፣
ልጃቸውን ባለፈው ወር በጎማው ጫፍ ነክቶታል።
ሌላው ወላጅ ስለ መብራት፣
አንዱ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ምሳ ሰዓት።

ጻፍኩ። ጻፍኩ። እስክሪብቶዬ ሞቀ።
ሶሬቲ፣ ከሰባተኛ «ለ»፣ እጇን አወጣች፤ ገና ምንም ሳትል ክፍሉ ሳቀ።
«እኛ ሴቶቹ ልብስ የምንቀይረው የት ነው? አሁን በተራ
አንዷ በነጠላ ስትጋርድ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ መች ያጣል ሥራ።»

ሳቁ ቆመ።
ኢንጂነሩ ወረቀቱን አየው፣ ከዳር እስከ ዳር፤
ለዳኛ ክፍል ነበር፣ ለዋንጫ ማስቀመጫ ነበር፣
የሷ ግን የለም። እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወረደ።
በሩ ሥር ደግሞ አንድ በርጩማ ተንገዳገደ።

አባባ ጋዲሳ ናቸው፣ ዘበኛው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚያው በር።
(ስማቸው በኦሮምኛ ጥላ ነው፤ ይህን የሚይዝ ዓምድ ደብተሬ ላይ አልነበር።)

«እኔን ማንም አልጠየቀኝ፤ ይሁን። ይኼ ደረጃ የተሳለው
ፊቱን ወደ ምዕራብ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የአዳማን ፀሐይ ማን አለ የሚችለው?
ልጁ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ነው ጨዋታ የሚያይ።
አዙሩት። ጀርባቸውን ይምታው ፀሐይ።
ሌላም አለ። እዚህ ጋ፣ ይኼ ቀዩ ጥምዝ ያለበት፣
በነሐሴ ጎርፍ ከተራራው ወርዶ የሚተኛበት ቤት።
መንገዱን ስጡት። ውሃ ቂም አይዝም፤ በር ካጣ
በግድግዳው በኩል ነው የሚመጣ።»

ኢንጂነሩ «ጥናት ተጠንቷል» ሊል አፉን ከፈተና ተወው፤
ላጲስ ጠየቀ፤ ሶሬቲ ጫፉ በጥርስ የተበላውን የራሷን አቀበለችው።
ደረጃው ጠፋ። ወረቀቱ ሳሳ፣ ሊቀደድ ምንም አልቀረው፤
የላጲሱን ፍርፋሪ ነፋሱ እፍ ብሎ ጠረገው።

የእኔ ጽሑፍ ግን ምን ይላል? «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።»
ያ ሁሉ ሙግት በአንድ ዐረፍተ ነገር አለቀ።
የሱቁ ነገር «በይደር»። ሳቁ የለም። ነጠላው የለም።
ነፋሱም ከተሳታፊዎች ዝርዝር አልገባም።

ፊርማ ሲዞር አባባ ጋዲሳ አውራ ጣታቸውን ሰጡ፤
ቀለም ነክረው፣ ደብተሬን ስተው፣ ወይ ሆን ብለው፣ ሥዕሉ ላይ ተጭነው ወጡ።
ኢንጂነሩ ላጲሱን እንዳነሣ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤
መስመር በመስመር ውስጥ፣ ጥምዝ በጥምዝ ሲዞር አየ።
መምህር አሸብር በትከሻው ላይ አጮልቀው፣ በጣታቸው ቆጠሩ፤
«ስድስት» አሉ፣ «ሰባት…»። አባባ ጋዲሳ ግን ተመልሰዋል ወደ በሩ።