ከሰደፉ ሥር

በመጋቢት ቅዳሜ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ፣
ስድሳ ጠመንጃ ተደርድሯል፣ ባለቤቱ የሞተበት፣ ያለ ወራሽ።
ከጥግ የቆመውን መረጥሁ፣ ሰደፉ የተላጠውን፣
በረዶ የበላውን እንጨት፣ ማንም ዞሮ ያላየውን።
ሻጩ ዋጋውን ነግሮኝ፣ ፈቃዴን ገልጦ አነበበ፣
ስሜ ላይ ሲደርስ ቆመና፣ ከንፈሩን ሰበሰበ።
«እጅጉ» ብዬ አገዝሁት፤ «ኤይጉ» ብሎ ጻፈ፤
ከመዝገቡ ላይ ያ ሰው፣ እኔን ተክቶ አለፈ።

ኡርስ ገርበር ጎረቤቴ፣ የቺዝ ፋብሪካ ጡረተኛ፣
አሥራ ሰባት ጠመንጃ ያለው፣ ዝንብ የማይነካ ሰላመኛ፣
ምድር ቤቱ ያስገባኛል፤ ዘይት ዘይት ይሸታል፤
እያንዳንዱን በየተራ፣ ከጨርቁ ውስጥ ይፈታል።
የፈረንሳዩን ሲያሳየኝ፣ «ለበን» አልሁት በአገሬ ቃል፤
የኦስትሪያውን «ምንሽር»፤ ይስቅና ደግሞ ይጠይቃል።
እኛ ዘንድ ጠመንጃ ዘፈን አለው፣ ፉከራ አለው፤
ነፍስ ያልበላ እንደሆነ ግን፣ ከማገዶ ምን ለየው?

«ሁለቱን ብሎን ፍታ» አለኝ፣ «የሰደፉን ብረት አንሣ።»
ፈታሁ። አቧራ ወረደ፣ ከአቧራውም ጋር የሸረሪት ሬሳ፣
ከዚያ በአራት የታጠፈች፣ ቢጫ የሆነች ወረቀት፣
እንደ ክታብ ተደብቃ የኖረች፣ በዚያ ጨለማ ቤት።

ዙርብሪግ ፍሪዶሊን።
ልደት፦ አሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት።
አደልቦደን። የተራራ እግረኛ።
ሌላ የለም።

ከቃታው በታች ግን፣ አውራ ጣቴ በምታርፍበት ቦታ፣
አንዲት ጭረት አለች፣ በቢላ የተቀረጸች፣ ሆን ተብላ፣ በእርጋታ።
ኡርስ መነጽሩን አወረደ፤ «ይሄ አገር አልተዋጋም» አለ።
«እንግዲያ ይህ ማነው?» አልሁት። የዘይቱን ጣሳ አስተካከለ።
እኔ ግን ጭረት አውቃለሁ። ባደግሁበት ቀዬ፣
አንድ ጭረት አንድ ሰው ነው፤ ቆጥሬያለሁ፣ ከአጎቴ ጉልበት ቁጭ ብዬ።

በግንቦት አውቶቡስ ወጣሁ፣ ገደል ገደሉን ተጠማዝዞ፣
ሾፌሩ በየኩርባው ጡሩንባ ይነፋል፣ ሆዴም ፍርሃቱን ይዞ።
በሩን የከፈተችው ልጁ ናት፣ ቬረና፣ ለሰማንያ ሁለት ዓመት የቀራት፤
እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ወረቀቷን ዳበሰቻት።
«ጽሕፈቱ የእሱ ነው» አለች። «አንድ ቁጥርን ኮፍያ ያስደፋታል።»
ከዚያ ዝም አለች።
ውጭ የከብት ደወል ይመታል።

ስለ ጭረቷ ጠየቅሁ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ሳላውቅ፤
«አባትዎ ሰው...» ብዬ ቀረሁ። እሷ ግን ጀመረች መሳቅ፣
ሳቋም መሃል ላይ ተሰብሮ፦
«ሊሲ ናት፤ በቅሎዋ። በአርባ አንድ ክረምት፣ ጋራው ጫፍ ላይ እግሯ ተሰበረ፤
ሌላው ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ ‹የቀለባት ይጨርሳት› ተባለ፤ እሱ ብቻ ቀረ።
ኪሱ ውስጥ የነበረው ስኳር የእሷ ድርሻ ነው፤ አስቀድሞ አላሳት፤
ከዚያ ግንባሯን ፈልጎ፣ በዚህ፣ አንተ በምትወለውለው፣ አሳረፋት።
እስኪሞት ድረስ ሻዩን፣ ያለ ስኳር ነው የጠጣው፤
ንፉግ መስሎን ሳቅንበት፤ እናቴ ናት፣ ከተቀበረ በኋላ፣ ምስጢሩን ያወጣችው።»

ጠመንጃውን ልመልስልዎ አልኋት፤ ራሷን ነቀነቀች፤
«ብረት ቤቴ አላስገባም፤ ወረቀቷን ግን ከቦታዋ መልሳት» አለች።

ቅዳሜ፣ ሦስት መቶ ሜትር ማዶ፣ ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ዐይን።
በሆዴ ተኛሁ።
የዚህ ቃታ አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤
ቀለሁ በትኩሱ ዘሎ፣ ኡርስ ኮፍያ ላይ ያርፋል።
አውራ ጣቴ ከጭረቷ ላይ። የትንፋሼን ግማሽ አወጣሁ።
ምላጩን ሳብሁ፤ አመለጠኝ። ሁለተኛውንም ሳትሁ።
«ማነጣጠሪያው ተዛብቷል» አለኝ።
አልነገርሁትም። እሺ አልሁ።

ማታ ወረቀቷን አጥፌ፣ ከሰደፉ ሥር መለስኋት፤
ስኳርም ላኖር አሰብሁና፣ ጉንዳን ይወረዋል ብዬ ተውሁት።
ብሎኖቹን አጠበቅሁ።
የአንደኛው ጥርስ አልቋል፤ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤
ከትከሻዬ ሳሳርፈው፣ ይንኳኳል። አላስጠግነውም።