ሁለቱም ግማሽ ደህና

ቅዳሜ ይሠራ ነበር። ይህን ሁሉም ይላል፤
መኪናው የቆመም፣ ጥርሱን የታመመም እንዲሁ ይምላል።
እኔም ማልኩ ዛሬ፣ በቴርሴይራ ደሴት፣
ከከብት አርቢዎች ማኅበር ቢሮ፣ ሰኞ ጠዋት፦
ቅዳሜ ይሠራ ነበር።

መተግበሪያውን እኔው ነኝ የሠራሁት፤
ኮድ አላውቅም፤ ሳጥን ከሳጥን ጎትቼ በቀስት አሰርኩት።
ላም ሁሉ መዝገብ አላት፦ የጆሮዋ ቁጥር፣
የባለቤቷ ስም፣ የምርመራ ቀኗ፣ የወተቷ ሊትር።
በየማለዳው አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ፣
"ሁሉንም አድስ" የምትል፤ እርሳሴን ቀርጬ ቀና ስል
የደሴቱን ከብት ሁሉ ታድሶ አገኛለሁ።

ዛሬ ግን ገና ብነካት
ክቧ ዞረች፣ ዞረች፤ ቀይ መስመር ወጣባት፦
"ስህተት ተፈጥሯል። ቆይተው ይሞክሩ።"
ምን ዓይነት ስህተት? የማን? ከየት ነው መነሻው፣ ሥሩ?
ዝም።
እንደ ጎረቤት ነው፣ ተቀይሞ
በምን እንደተቀየመ የማይናገር።

ሥራ አስኪያጁ ቤልሚሮ በሩ ላይ ቆሟል፤
መርከቡ በአሥር ሰዓት ወደ ሊዝበን ይሄዳል፤
አርባ ወይፈን ወደብ ላይ ወረቀት ይጠብቃል።
"ማን ነካው?" ይለኛል።

ማን ነካው። ይህ ጥያቄ ከቢሮ ሲገባ
ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ያቀረቅራል፣ ዓይኑ ሌላ ዓይን እንዳያገባ።
ጠዋት የቁልፏን ቀለም የለወጠው ወጣቱ ኤውሪኮ
ጆሮው ቀላ፦ "አረንጓዴዋን ሰማያዊ አደረግኳት፤ ያ ብቻ ነው እኮ!"

አረንጓዴ አደረግኳት። ያው ቀይ መስመር።
ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ያው ቀይ መስመር።
የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤
አንዲት ላም ለብቻዋ ሰደድኩ፦ ታደሰች፤ ሰው እስኪዞር ጮህኩ።
አሥር ሰደድኩ፦ ታደሱ። መቶ፦ ታደሱ።
ሁሉም ባንድ ሲነዱ ግን ከመንገድ ተመለሱ።

እንግዲያው አንዷ ናት አልኩ፤ አንዷ ናት የታመመች፣
ቀኗ የተዛባ፣ ሳጥኗ ባዶ፣ ከመንጋው መሐል የተሸሸገች።
መንጋውን ለሁለት ልክፈል፣ የታመመውን ግማሽ እንደገና ለሁለት፣
ያንንም ለሁለት፣
አንዲት ላም እስክትቀር፣ እኔና እሷ ፊት ለፊት።

የፊተኛውን ግማሽ ሰደድኩ፦ አለፈ።
ከኋለኛው ናት ማለት ነው። ልቤ አረፈ።
የኋለኛውን ሰደድኩ፦

አለፈ።

ሁለቱም ግማሽ ደህና፤ ሙሉው ግን በሽተኛ።
ይህን ለማን ይነግሩታል? ለሐኪም ነው ለዳኛ?

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። እጄን አገጬ ላይ ጥዬ
ከማያው ጥግ ያለችውን ደቃቅ ቁጥር አየኋት፣ ሳላስብ፣ እንዲያው ቃኝቼ፦
ሁለት ሺህ አንድ።

ቅዳሜ ሁለት ሺህ ነበሩ፣ ድፍን።
ቁልፏም ባንድ ጊዜ ሁለት ሺህ ነው የምትሸከም፤
ከውሉ ገጽ ዘጠና ላይ ተጽፏል፤ እዚያ ድረስ ማንም አንብቦ አይደክም።
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ እኔ ደግሞ ሎሚ ሎሚውን እየጨመቅኩ
የበሰበሰችውን ስፈልግ፣ የበሰበሰች የለች።

እሑድ ሌሊት፣ በዚያ ዶፍ፣ አንዲት ጥጃ ተወለደች።
ዙልሚራ በማለዳ መጣች፣ ቦቲዋ ጭቃ በጭቃ፤
ቁጥር ሰጠኋት፤ "ስሟስ?" ብላት "ገና ነው" አለችኝ ስቃ።
በዚህ እጄ፣ በዚህ ወንበር መዝግቤያት ረሳሁ።

"ኦዲሊያ! ወረቀቱ!" ሲል ቤልሚሮ፣ ያኔ ነው የነቃሁ፦
ሁለቱም ግማሽ አልፈዋል፤ ሥራው አልቋል፤
እኔ ጥፋተኛ ሳስስ፣ ከብቱ ሁሉ ታድሷል።
ማተሚያው ወረቀቱን ተፋ። ቤልሚሮ ሳያመሰግን ሮጠ።
ኤውሪኮን ይቅርታ ብለው፣ "ሰማያዊው ያምር ነበር" አለ፤ አኮረፈ፣ ተቀመጠ።

ቁልፏን ሺህ ሺህ እያደረገች እንድትሰድ አስተካከልኩ።
ቀለሟን ሰማያዊ አደረግኩ።

የጥጃዋ የስም ሳጥን ግን እስካሁን ባዶ ነው።
ግድ የሚሞላ አላደረግኩትም።