የዚንክ ጣት

አባቴ ጉተማ፣ አቃቂ ከወንዙ ማዶ፣ ቆርቆሮ ከሚሠራበት፣
ሃያ ሰባት ዓመት ብረት አጠመቀ፣ ዚንክ ቀልጦ ከሚፈላበት፤
ጥቁሩ ገብቶ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ትኩሳቱ ሲበርድለት፣
አውራ ጣቱን በፈሩ ይሰዳል፣ ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት።
«ይሄ ደህና ነው» ይላል። «ይሄ ጎድሎታል።»
መዝጋቢው ይጽፋል።
እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ ጣት ነበረው፣ በቃ፣ ጣት።

ሌባ ጣቱን መቀሱ ሰረቀው፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ።
ካሳ ብለው የሦስት ወር ደመወዝና አንድ እሽግ ቆርቆሮ ሰጡት፤
ቤታችን የለበሰው እሱን ነው።
ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ልጅ ሆኜ፣
የአባቴ ጣት ከራሴ በላይ የሚያንኳኳ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ነው። በቃሊቲ በኩል፣ በሁለት ታክሲ መጣሁ፣
ጫማዬ ጭቃ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የከሸፈ ሙከራ።
«አንቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»
«የዚንክ ጣት» አልኩት።
እጁን አየ። ቀልድ መስሎት።

አልቀለድኩም አባዬ። ፕሮቲን ነው።
ሲወለድ ክር ነው፣ ቅርጽ የለው፣ ወገብ የለው፤
ከዚያ ይታጠፋል፦ ሁለት ሰንበር ጎን ለጎን፣
አንድ ጥምዝ እንደ ስፕሪንግ፣
መሐላቸው አንዲት የዚንክ ቅንጣት።
የጨበጧት አራት ናቸው፣ ሁለት ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ።
እሷ ከወጣች ይዘረገፋል፤
ጣት መሆኑ ይቀራል።

ዲኤንኤውስ?
ከግቢው የቆርቆሮ ቅዳጅ አንስቼ ሰጠሁት፣
እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠመዘዘው።
እንዲህ ነው አልኩት፣ ግን ድርብ ሆኖ፤ ሲጠመዘዝ
ሁለት ፈር ያወጣል፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ።
ፊደሎቹ ከውስጥ ጥንድ ጥንድ ተቃቅፈዋል፣
ጠርዛቸው ብቻ በፈሩ በኩል ብቅ ይላል።
ማኅደሩ አይከፈትም፣ ድጉሱ አይፈታም፤
ጥምዙ በሰፊው ፈር ይጋደማል፣
ልክ እንደ አንተ አውራ ጣት፣
በዳሰሳ ያነባል።
አርጂኒን የሚሉት አለ፣ ከጥምዙ ጎን የወጣ ክንድ፤
ጉዋኒን የሚባለውን ፊደል ሲያገኝ
በሁለት እጁ ይጨብጠዋል፣ ታላቁን እንደሚያከብር ሰው።

አንድ ጣት፣ ሦስት ፊደል።
(ለእሱ ያልነገርኩት፦ የእኛም ግስ እንዲሁ ነው፣
ሥሩ ሦስት ነው፣ ን፣ ብ፣ ብ፤
አንባቢ፣ ምንባብ፣ ማንበብ ከዚያ ይበቅላል።)

ቦታውን እስኪያገኝ ግን መከራው!
የዲኤንኤው ጎን እንደ ናይለን ይስበዋል፣
ይንሸራተታል፣ ይዳስሳል፣ አይደለም፣
ይዘላል፣ እንደ ወያላ ከበር ወደ በር፣
እንደገና ይዳስሳል፣ አይደለም፣ አይደለም፣
ከዚያ ይቆማል።
ሲቆም ጎረቤቱ ያለው ዘር ይነቃል፣
ወይም ዝም ይላል፣ እንደ መልእክቱ።

እኔ አንዱን አርጂኒን ነቅዬ በሌላ ተካሁት።
ሦስት ሳምንት። ጄሉ ላይ መስመሩ ያው ነው፣ ንቅንቅ የለም።
ጣቱ ፈሩ ውስጥ ይገባል፣ የሚጨብጠው ግን የለውም፤
ያልፋል፣ ተመልሶ ያልፋል።

«ዚንኩስ?»
ዚንኩ አለ። ከቦታው አልተነቃነቀም።
«እሱ ያነባል?»
አያነብም አባዬ። ፊደሉን ነክቶትም አያውቅም።
ይይዛል እንጂ።

ዝም አለ።
የቀሩትን አራት ጣቶች ሰብስቦ
ከመሬት ያነሳትን ሚስማር በጭንቅላቷ ያዛት፣ ረጅም ጊዜ፣
ወደ ብርሃኑ አዙሮ።
«መያዝ ታዲያ» አለኝ፣ «ቀላል መሰለሽ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም አይሰማም፣
ዶፉ ከላይ ወረደ፣ ቤቱ ሁሉ ጣት ሆነ፣ አንኳኳ።
ሳፋውን ይዤ ጠብታውን ፍለጋ በየጥጉ ስዞር፣
«ከበሩ ሦስተኛው ፈር ላይ ነው» አለ፣
ቀና ሳይል፣ ሚስማሯን ሳይለቅ።