ከላይ የቱ ነው?

ትሪየስቴ ወደብ፣ ቦራ የሚሉት ነፋስ
ባርኔጣ እየነጠቀ ባሕሩን ሲያለብስ፣
ለጥገና ከወጣ አሮጌ መርከብ ሥር ካሜራ ይዤ ገባሁ፤
ተንበርክኬ ሆዱን አነሣሁ።
ስሙን አይደለም፤ ባንዲራውን አይደለም፤
መልሕቁንም አይደለም፤
አንድ ክንድ የማይሞላ የላሜራ ቆዳ፣
ቀዩ ተቀርፎ አረንጓዴው የወጣበት፣
ጨው በጣቱ የጻፈበት
የማይነበብ ዕዳ።

አሳጥቤው መጣሁ።
ጎረቤቴ ዝዴንካ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር፤
እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችኝ፤
መነጽሯን ፈለገች፣ አናቷ ላይ ነበር፤
አየችው፤ አዞረች፤ ደግሞ ገለበጠች፤
"ከላይ የቱ ነው?" አለች።
"እንጃ።"
"እንጃ ማለት? አንተ አይደለህ ያነሣኸው?"
"እኔ ነኝ።"
"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ዝገት" ልላት አልኩና ምላሴን ያዝኩት፤
ዝገት ካልኳት እኮ ማየቷ ያበቃል፤
ስሙን የጠሩት ነገር ፊቱን ይደብቃል።

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከሆስፒታል ምድር ቤት፣
ራጅ ስታነሣ የኖረች ሴት ናት፤
የሳንባ፣ የዳሌ፣ የሕፃን ልጅ ክርን፣
በመብራት ፊት ሰቅላ፣ እየለየች ጥላን።
ሥዕል ማለት ለርሷ ስብራት ነበረ፤
ነጭ ነጥብ ካየች፣ የአንድ ሰው ቤት በዚያ ቀን ተሸበረ።

እና ጣቷ ለምዷል፤ ሳታዘው ይሄዳል፤
በቀለሙ ዳርቻ ስንጥቅ ይፈልጋል።
"እዚህ ጋ ተሰንጥቋል።"
"አዎን፣ ተሰንጥቋል።"
"ማንን ነው የሚያመው?"
"ማንንም።"

ዝም አለች።
ሽንኩርቱ አረረ፤ አልሸተታትም።
ጣቷ ስንጥቁን ይዞ ወረደ፣ ሸርተቴ እንዳገኘ ልጅ፤
አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ቆመ፤
ተመልሶ ወጣ፤ ደግሞ ወረደ።
ከዚያ ሳቀች፣ ከሆዷ፤
"ማንም ያልታመመበት!"

እኔም የቅኔ መምህር የልጅ ልጅ ነኝና፣
ሰም ባየሁ ቁጥር ወርቁን ስቆፍር ኖሬአለሁና፣
"ምን ለማለት ነው?" እያልኩ ስንት ግድግዳ፣
ስንት ኩሬ ላይ የፈሰሰ ዘይት፣ ስንት የበር ሰሌዳ
ሳላይ አለፍኩ።
ያን ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦
ጧፍ የሚያበራው በሰሙ ነው።

ፎቶው አሁን ከመስኮቷ አጠገብ አለ፤
በየጠዋቱ ሩብ ዙር ታዞረዋለች።
ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ ነፋሱ አናወራም፤
ዘንቢሏን ወደ ግራ እጇ አሻግራ፣
"ዛሬ ጎኑ ነው ከላይ" ትለኛለች።