የውሃ ሽታ

ሳስካቱን በጥር ወር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
ትንፋሽ ከአፍ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይቆማል በየሰው ፊት።
እኛ ግን ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለበት፣
የብረት ቧንቧ ሞልተን በማይታይ እንፋሎት
ብርሃን እንልክበታለን፤
ስንቱ እንደተዋጠ፣ ስንቱ እንዳለፈ እንቆጥራለን።

መስታወት ከመስታወት ጫፍ ለጫፍ ተያይቶ፣
ብርሃኑ ይመላለሳል አርባ ጊዜ ተጋጭቶ፤
በአሥር ሜትር ቧንቧ አራት መቶ ሜትር ሄዶ
ሲወጣ ጎዶሎ ነው፣ ጥቂት ነገር ተወስዶ።

እንጀራችን ያቺ ጉድለት ናት።
ምድር ሌሊት ሌሊት ወደ ላይ ከምትለቀው ሙቀት
ተን ምን ያህሉን ይዞ እንደሚያስቀር
የምናሰላው በእሷ ነው።

በእኛ አገር አባባል፣ ድምፁ የጠፋ ሰው
“የውሃ ሽታ ሆነ” ይባላል።
ይህን ለማርሊስ ስነግራት
ከግፊት መለኪያው ላይ ዓይኗን ሳታነሣ
“ሽታ ካለውማ አልጠፋም” አለች፤ “ስንት ሚሊባር ነው?”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ አልገጥም አለን።
ጠዋት ልክ ነው። አሥር ሰዓት ገደማ
ትርፍ ይመጣል፣ ከሺህ ሦስት።
ቧንቧውን አግለን አየሩን መጠጥን፣
ብሎኑን ፈታን፣ መልሰን ገጠምን፤
ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ኦረስት፣ ጡረታ የወጣው ግን ያልሄደው፣
ዕድሜውን መስታወት በትንፋሹ ሲነፋ የኖረው፣
በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየና
“ከምሳ በኋላ እዚህ ቤት ስንት ሰው ይተነፍሳል?” አለ።

በመብራቱና በቧንቧው መስኮት መካከል
አንድ ስንዝር ክፍት ነበረች፣
ደረቁ ናይትሮጅን ያልደረሰባት።
የማርሊስ ሳቅ፣ የእኔ ማዛጋት፣
ሁለቱ ተማሪዎች በወንበር የተጨቃጨቁበት፣
ሁሉም እዚያች ስንዝር ላይ ተሰብስቦ ብርሃኑን ሲቀምስ ከርሟል።
ሳናውቀው ተለክተናል።

ስንዝሯን በላስቲክ ጋረድናት፣ በናይትሮጅን አጠብናት።
ራሳችንን ቀነስን።
ቁጥሩ ወረደ። ዜሮ ግን አልገባም።

ከመስመር እስከ መስመር ባለው ሜዳ፣
ውሃ ምንም አይነካም ብለን ባሰብንበት፣
ስስ ጥላ ቀረች፣ ቀጥ ብላ።
ሙቀት ስንጨምር ትሳሳለች፤
ውሃውን እጥፍ ስናደርገው አራት እጥፍ ትሆናለች።
የሰው ትንፋሽ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም።

“እሷ ናት” አለች ማርሊስ፣
የምታባርራት ይመስል
አፏን በመዳፏ ከድና።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
ጥር አሥራ ዘጠኝ። ቀሪ፦ አለ።
ምክንያት፦
ብዕሬን እንደያዝኩ ኦረስት ካፖርቱን ደርቦ ወጣ፤
በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ገባ፣
የሁላችንም ትንፋሽ ለቅጽበት ታየ፣
ከዚያ መልሶ ጠፋ።