ብረቱን ያዙ

እሪ በከንቱ ነው የምንኖርበት፣
ከቁልቁለቱ ጫፍ፣ ጭቃ በተለሰነ ያረጀ ቤት።
ክረምት ገባ ሲባል ድንጋዩ ያዳልጣል፣
ደግሞም የሚጥለውን ከሰው ይመርጣል።

ልጅ ቢወድቅ ይነሳል፣ ጉልበቱን አራግፎ፣
ሰካራም ይነሳል፣ ግንቡን ተደግፎ፤
ሽማግሌ ሲወድቅ ግን ቤቱ አብሮ ይወድቃል፣
ልጁ ከሥራ ቀርቶ ሆስፒታል ይዘልቃል፣
ጎረቤት በውድቅት ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል።

ጋሽ ዘርጋውን፣ ያን ቀጥ ያለ ሰው፣
በሐምሌ አጋማሽ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሽንት ቤት ሲሄድ ጭቃው ዘረጋው።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ ሰምተናል፤
ጭቃም እንደሚያወጣ ማን ነግሮን ያውቃል?

የተሰበረው የእጁ አንጓ ብቻ ነው።
"ተመስገን፣ ተረፈ" አልን።
ጥቁር አንበሳ ያለችው ሐኪም ግን አልተመሰገነችም፤
"አንዴ የወደቀ ሰው፣ ሁለተኛው ቅርቡ ነው" አለች።
"ደጁ ላይ መብራት አላቸው?"
የለም።
"ጫማቸውስ?"
ነጠላ ጫማ፣ ሶሉ ያለቀ።
"የሚይዙት ነገርስ?"
እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

እኔ እኮ በያጅ ነኝ!
ካዛንቺስ ስንት ፎቅ፣ ስንት በረንዳ አጥሬያለሁ፤
ማንም ወጥቶ ለማይቆምበት ሰገነት
አበባ ያለው ብረት በይጃለሁ።
በገዛ ግቢዬ፣ ከደጃፍ እስከ ሽንት ቤት፣
አሥራ አንድ እርምጃ፣
አንዲት ዘንግ የለችም እጅ የሚያርፍባት።

ከዘራ ገዝተንለት ነበር፤ በር ኋላ ሰቀለው።
"እሱማ የሽማግሌ ነው" አለ፣
በሰማንያ ሁለት ዓመቱ።

ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር።
ከስድስት ኪሎ ለገሃር፣
መኪናው ሰዉን እንደ ወተት ሲንጠው፣
እሱ ሁለት እጁን ለትኬት ሰጥቶ፣
ፍሬን ሲያዝ ንቅንቅ ሳይል፣ በእግሩ ብቻ ቆሞ፣
"ብረቱን ያዙ! ብረቱን ያዙ፣ እናንተ!" ይል ነበር።
ለራሱ አንድ ቀን ብሎት አያውቅም።

ምናለሽ ተራ ሄድኩ።
ከፈረሰ አውቶቡስ የተነቀለ ብረት አገኘሁ፣
ቀለሙ የለቀቀ፣
የስንት ሰው መዳፍ ወልውሎት መሃል መሃሉ የሚያበራ።
ተከራከርኩ፣ ከፈልኩ፣ በትከሻዬ ይዤው ወረድኩ።

ቅዳሜን ሙሉ ስበይድ ዋልኩ።
ተከራዩ ደምሰው ሲሚንቶ አቦካ።
ልጁ ምንትዋብ የሚያጠልፈውን ምንጣፍ አነሳች፣
ነጠላ ጫማውን ደብቃ
ጥርስ ያለው ሶል ገዛች።
አምፖል ሰቀልን፤ ቆጣሪው የጋራ ነውና
ሒሳቡን ማን ይክፈል ብለን ትንሽ ተጨቃጨቅን።

ጋሽ ዘርጋው የታሰረ እጁን አቅፎ
ከደጃፍ ሲያየን ቆየ።
"ይሄ ደግሞ ለማን ነው?"
"ለደምሰው" አልኩት፣ "አምሽቶ ሲገባ እንዳይወድቅብን።"
ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ ያልቀመሰው ደምሰው
አንገቱን ደፍቶ
ሐሜቱን ዋጠልኝ።

ሌሊት ዘነበ።
በሩ ሲንቋቋ ነቃሁ፤ በመስኮት አጮለቅኩ።
ጋሽ ዘርጋው አምፖሉ ሥር ቆሟል፣
ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣
የሚታዘበው ሰው እንደሌለ ይጠብቃል።
ከዚያ ደህናዋ እጁ ሄዳ ብረቱ ላይ አረፈች፤
አንዴ ዳሰሰች፣
አወቀችው መሰለኝ፣
ጨበጠች።

ልጠራው ነበር፤ ተውኩት።
በዚያ በድሮ ድምፁ፣
ለባዶው ግቢ፣ ለዝናቡ፣
"ብረቱን ያዙ" ሲል ሰማሁት፣ "ብረቱን ያዙ፣ እናንተ።"

አሥራ አንድ እርምጃ ቆጠርኩለት።
ቆይቶ፣
ሲመለስም አሥራ አንድ።